ምዕራፍ ሰባት፦ እንግዳው ቤቱ ሲገባ የሚጽፈው

ወዳጁ ቤት ሰንብቶ የተመለሰ ሰው ቤቱ እንደገባ ስልክ ይደውላል። «በሰላም ገባሁ።» «እሰይ፣ እንኳን በሰላም ገባህ።» «ልጆቹን ሳምልኝ።» «እነሱም ከአሁኑ ናፍቀውሃል።» ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ጥሪ ነው። መንገድ በሚያሳስብበት አገር ይህ ጥሪ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ሳይደውሉ መተኛት እንደ ነውር የሚቆጠረውም ለዚህ ነው። ጥሪው የሚያወራው ግን ስለ መንገዱ ነው፤ መኪናው ደርሷል፣ ዕቃ አልጠፋም፣ ሰውየው ደህና ነው። ስለ ሰነበተበት ቤት፣ አብሮት ስላመሸው ወዳጁ፣ ከዚያ ቤት በልቡ ይዞት ስለ ወጣው ነገር ገና አንድም ቃል አልተነገረም። አብዛኛውን ጊዜ ሳይነገር ይቀራል።

ይህ ምዕራፍ ሳይነገር ስለሚቀረው ነገርና እሱን ስለሚናገረው ደብዳቤ ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ምስጋና ነው፤ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተኛሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ግን እሱ ከደጃፍ ላይ ተመርቆ አልቋል። «ቤትህ ይሙላ፣ ያክብርልኝ» ብሎ የወጣ ሰው የምስጋና ዕዳ የለበትም። ደብዳቤው የሚያስፈልገው ለሌላ ሥራ ነው። አስተናጋጁ በራሱ ዓይን ሊያየው ያልቻለውን ያን ሰሞን፣ በእንግዳው ዓይን ለማሳየት ነው።

አስተናጋጅ ምን ያያል?

እንግዳ የምትጠብቅ ሴት ቀኑ ሳይደርስ አስቀድማ ድካም ትጀምራለች። ፍራሽ ከጎረቤት ትዋሳለች፣ ልጆቹን ወደ አንድ አልጋ ታጠጋጋለች፣ በርበሬው እንዳያልቅ፣ ቅቤው እንዳያንስ ታስባለች። እንግዳው ከተቀመጠ በኋላም እሷ አትቀመጥም። ሌላው ሲያወራ ጆሮዋ ምድጃው ላይ ነው። ወጡ ጨው በዛበት? እንጀራው ዓይን አላወጣም? ውሃው ዛሬ ይመጣ ይሆን? እንግዳው ሁለቴ ጎርሶ ትንፋሽ ሲወስድ እሷ «ምንም አልቀመስክም፣ በሞቴ» ትላለች። ከልቧ ነው፤ በእርግጥም ያልተበላው እንጂ የተበላው አይታያትም።

እንግዳው ሲሄድ እሷ ጋ የሚቀረው ታሪክ የጉድለት ታሪክ ነው። መብራት የጠፋበት ማታ፣ ሳይበስል የቀረበው ድንች፣ ልጁ ያለቀሰበት ሰዓት፣ ቃል ገብታ ሳትወስደው የቀረችው ቦታ። እንግዳው ጋ የቀረው ደግሞ ሌላ ነው፤ የሣቁበት ነገር፣ የታመነበት ምሥጢር፣ ተጠቅልሎ የተቀመጠለት ትኩስ ዳቦ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ሰሞን የሆነ ነገር ሁለት ታሪክ ሆኖ በሁለት ከተማ ይቀመጣል። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ከሌለ አስተናጋጇ የያዘችው ታሪክ እውነተኛው መስሏት ይኖራል።

ይህ የግል ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤሪካ ቡዝቢና የሥራ ባልደረቦቿ ሳይኮሎጂካል ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ከጭውውት በኋላ ሌላው ሰው ምን ያህል እንደወደዳቸው ሲጠየቁ ከእውነቱ ዝቅ አድርገው እንደሚገምቱ አሳይቷል። የተጠኑት አዲስ የተዋወቁ ሰዎች ነበሩ። ነገሩ በመጀመሪያ ቀን ብቻ ቢታይ አይገርምም ነበር፤ ግን በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ አብረው በሚኖሩ ተማሪዎች ዘንድ ለወራት ቆይቷል። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰው ከጭውውት ሲወጣ የሚያስታውሰው ራሱ የተሳሳተባትን ቃል ነው፤ ጓደኛው ግን ያቺን ቃል አልሰማትም ወይም ረስቷታል።

በዚያው ዓመትና በዚያው መጽሔት አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ ሌላ ጥናት አሳተሙ። ሰዎች በሕይወታቸው ለጠቀማቸው ሰው የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉ ተጠየቁ፤ ተቀባዩ ምን እንደሚሰማውም አስቀድመው ገመቱ። ከዚያ ተቀባዮቹ ራሳቸው ተጠየቁ። ጸሐፊዎቹ «ያፍር ይሆናል፣ ግራ ይገባው ይሆናል» ብለው አብዝተው ፈርተው ነበር፤ ተቀባዩ የሚሰማውን ደስታና መደነቅ ግን አሳንሰው ገምተውታል። ከጥናቱ ለዚህ ምዕራፍ የሚበጀው ዋና ነገር የስሕተቱ ምክንያት ነው። ጸሐፊው የሚጨነቀው ስለ አጻጻፉ ነው፤ ቃሉ አምሮ ይሆን? ዐረፍተ ነገሩ ተስተካክሎ ይሆን? ተቀባዩ ግን የሚያየው የደብዳቤውን ሙቀት ነው። «እኔ ደብዳቤ መጻፍ አልችልም» ብሎ ብዕሩን ያስቀመጠ ሁሉ፣ ማንም ባልጠየቀው ፈተና ራሱን ጥሎ ነው የተቀመጠው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ፔጊ ሊዩና ባልደረቦቿ ከ5,900 በላይ ሰዎች በተሳተፉባቸው ሙከራዎች ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ለሚያውቁት ሰው እንዲሁ «አስቤህ ነበር» ብለው መልእክት የላኩ ሰዎች፣ መልእክቱ ተቀባዩን ምን ያህል እንደሚያስደስት አሳንሰው ገምተዋል። ተቀባዩ ባልጠበቀበት ጊዜ ሲሆን ደስታው ይበልጥ ነበር። ከጉብኝት በኋላ በተከታዩ ሳምንት የሚደርስ ደብዳቤ እንዲህ ነው። በሰላም ገባሁ ተብሏል፣ ምስጋናም ተመርቋል፣ ከእንግዲህ የሚጠበቅ ነገር የለም። ልክ በዚያ ጊዜ ይደርሳል።

ከጎታ የተመለሰው እንግዳ

በአገራችን የጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ከጉብኝት በኋላ በደብዳቤ የቀጠለ ወዳጅነት ቢፈለግ፣ ከአባ ጎርጎርዮስና ከሂዮብ ሉዶልፍ የሚቀድም ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። አባ ጎርጎርዮስ በአማራ ምድር ከመካነ ሥላሴ የተገኙ ሊቅ ነበሩ። አጼ ፋሲለደስ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንን ካባረሩ በኋላ አገር ለቀው፣ ሮም ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተኋላ ባለው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1649 የ25 ዓመት ወጣት የነበረው ጀርመናዊው ሉዶልፍ ለሌላ ጉዳይ ተልኮ ሮም ሲመጣ እዚያ አገኛቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ተምሮ ነበር፤ ቋንቋውን ከሊቅ አፍ መስማት የጀመረው ግን ያኔ ነው።

በ1652 ጎርጎርዮስ የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው፣ የሉዶልፍ ጌታ የነበረው መስፍን ኧርንስት ወደሚገዛት ወደ ጀርመኗ ጎታ ተጓዙ። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነበር፤ የመስፍኑ የፍሪደንሽታይን ግንብ ሥራም አልተጠናቀቀም። እንግዳውና አስተናጋጁ እዚያ ወራት አብረው ተቀመጡ። ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ፣ ሃይማኖት፣ መንግሥት፣ እንስሳትና ዕፀዋት፣ ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ እየተጠያየቁ ሠሩ። ከዚያ ጎርጎርዮስ ወደ ኢጣሊያ ተመለሱ፤ ሁለቱ ወዳጆችም በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ጀመር። ጎርጎርዮስ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፈው ዛሬም አሉ።

ጎርጎርዮስ አገራቸው ሊገቡ ሲጓዙ በ1658 እስክንድሮና አካባቢ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። ሉዶልፍ ግን ጎታ ላይ የተጀመረውን አልተወም። የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የታሪኩ ማብራሪያ በ1691፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ታተሙለት። በእነዚህ መጻሕፍት ለእውቀቱ ምንጭ የሆኑትን ወዳጁን በስማቸው ጠርቷል፤ በማብራሪያው መጽሐፍ ውስጥም የጎርጎርዮስን ሥዕል አኑሯል።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚያወሱት የቋንቋ ሊቃውንት ናቸው። ለእኛ የሚነግረን ግን ሌላም ነገር አለ። በሕጉ ቢታይ አስተናጋጁ ሰጪ፣ እንግዳው ተቀባይ ነበር፤ ቤቱ፣ ምግቡ፣ ወጪው የጎታ ነው። በእውነቱ ግን ከዚያ ቤት ይበልጥ የተቀበለው አስተናጋጁ ነው፤ ያገኘውንም ለቀሪ ዕድሜው ሲናገር ኖሯል። ማን ለማን ምን እንደሰጠ እንግዳው በሚቀመጥበት ሰሞን አይታወቅም። የሚታወቀው በኋላ፣ ተለያይተው ሲያስቡት ነው። መጻጻፍ የሚያስፈልገውም ለዚያ ለኋላው ጊዜ ነው።

ከቆየው ልማዳችን የሚወሰድና የሚተው

ዘመናዊው ፖስታ ወደ አገራችን የገባው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 አገልግሎቱ ተቋቋመ፣ የመጀመሪያዎቹም ቴምብሮች ታተሙ፤ በ1908 ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ደብዳቤ ግን በየደጃፉ አልታደለም። በፖስታ ሣጥን ቁጥር ይመጣ፣ በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት አድራሻ ይደርስ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በሰው እጅ ይላክ ነበር። ሲደርስም የቤቱ ፊደል የቆጠረ ልጅ ጮክ ብሎ ያነበው፣ ቤተሰቡም ተሰብስቦ ይሰማው ነበር። የድሮ ደብዳቤያችን መልክ ከዚህ የመጣ ነው። «እንደ ሰማይ ከዋክብት፣ እንደ ባሕር አሸዋ የበዛ ሰላምታዬ ይድረስህ» ተብሎ የሚጀመረው፣ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» የሚባለው፣ ከዚያ ወደ ታች ለአያትም ለአክስትም ለጎረቤትም ሰላምታ የሚዘረዘረው፣ ደብዳቤው የአንድ ሰው ሳይሆን የአንድ ቤት ስለነበረ ነው።

ከዚህ ልማድ ሊቀጥል የሚገባው አለ። ጤና ጠይቆ መጀመር መልካም ነው፤ ሌላ ነገር ከማውራት በፊት ሰውየው እንዴት እንዳለ መጠየቅ የአገር ወግ ነው፣ አይጣል። ለቤተሰቡ በየስሙ ሰላምታ መላክም እንዲሁ። በተለይ ከጉብኝት በኋላ ሲሆን «ለቤተሰብ በሙሉ» ከሚባል ይልቅ እያንዳንዱን እየጠሩ ሰላም ማለት ዋጋው ትልቅ ነው። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ስሙ በደብዳቤ ሲጠራ ሲሰማ በዚያ ቤት እንደ ሰው ተቆጥሮ እንደነበር ያውቃል።

የሚተወው ደግሞ ቀመሩ ሙሉውን ገጽ ሲይዘው ነው። ሰላምታው አልቆ ስንብት ይመጣል፤ በመካከላቸው ግን ደብዳቤው ለማንኛውም ወዳጅ፣ ከማንኛውም ቤት በኋላ ሊጻፍ የሚችል ሆኖ ይቀራል። ሩቅ ላለና ላልታየ ሰው ይህ ያስኬድ ነበር። ትናንት አብሮን ለበላ ሰው ግን አይበቃም።

አንድ ጉብኝት፣ ሁለት ደብዳቤ

በምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ የምትኖር ሴት ደሴ ያለች የልጅነት ጓደኛዋን ጠይቃ ተመለሰች እንበል። በቆየችበት ሰሞን ውሃ ጠፍቶ ነበር፤ የጓደኛዋ አባት ባለፈው ዓመት አርፈዋል፤ እናትየው አብረው ይኖራሉ፤ ትንሽ ልጅ አለች። የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ነው፦

«ውድ እህቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስላደረግሽልኝ መልካም መስተንግዶ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። በጣም ተደስቻለሁ፤ ሁሉም ነገር ቆንጆ ነበር። ብድርሽን እግዜር ይክፈልልኝ። ቤተሰብሽን በሙሉ ሰላም በይልኝ። እህትሽ።»

ክፉ ነገር የለበትም። ግን ጓደኛዋ ሲደርሳት «ሁሉም ነገር ቆንጆ ነበር» የሚለውን አታምነውም። ውሃ እንዳልነበረ ታውቃለቻ! ጓደኛዬ ጨዋ ስለሆነች ነው ብላ አጥፋ ታስቀምጠዋለች፤ የጉድለት ታሪኳም እንዳለ ይቀመጣል። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦

«እህትዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? የእማማስ ጉልበት እንዴት ሆነ? እኔ በደህና ገብቼ ሥራ ጀምሬአለሁ።

ያን ማታ ውሃው ሲጠፋ ፊትሽ ሲለወጥ አይቻለሁ። እንግዳ ጠርቼ እንዲህ ይሁን ብለሽ ከራስሽ ጋር ስትጣዪ ነበር። ከዚያ ማታ እኔ ጋ የቀረው ግን ሌላ ነው። ጄሪካን ይዘን ወደ ጎረቤት ስንወርድ ስለ አባባ የመጨረሻ ቀናት የነገርሽኝ ነው። ቤት ቁጭ ብለን ቢሆን ኖሮ አንቺም የምትነግሪኝ፣ እኔም የምጠይቅሽ አይመስለኝም። ለቀብራቸው ሳልደርስ መቅረቴ እስከዚያ ማታ ድረስ ልቤ ላይ ተቀምጦ ነበር። አሁን ቀለል ብሎኛል።

ደግሞ ሽንኩርት እየከተፍሽ፣ ቀና እንኳ ሳትዪ፣ ልጅሽ ጮክ ብላ የምታነበውን ስታርሚያት እማማን አየሁ። እኛን ያስጠኑን የነበረው ልክ እንደዚያ ነበር፤ ድምፅሽ ራሱ የሳቸው ነው። አንቺ ይህን የምታውቂው አይመስለኝም።

ጠዋት ጠዋት ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ በረንዳው ላይ ቡናችንን ይዘን ብዙም ሳናወራ የተቀመጥነውን እዚህ ሆኜ እየፈለግሁት ነው።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ለልጅሽ ቃል የገባሁላትን መጽሐፍ ገዝቻለሁ፣ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ለፋሲካ ደግሞ ተራው የኔ ነው፤ እናንተን ነው የምጠብቀው። እህትሽ።»

ሁለተኛው ደብዳቤ በቃላት ከፊተኛው የረቀቀ አይደለም። ልዩነቱ የሠራው ሥራ ነው። አንደኛ፣ ጓደኛዋን የሚያሳፍራትን ነገር አልፎ አልሄደም። ውሃው ጠፍቶ ነበር አለ፤ ከዚያ ያ ጉድለት ምን በር እንደከፈተ ተናገረ። አስተናጋጇ ያንን ማታ ከእንግዲህ ስታስታውስ እንደ ድሮው አታፍርበትም። ሁለተኛ፣ ራሷ ልታየው የማትችለውን አሳያት፤ ልጇን ስታስጠና ማንን እንደምትመስል። ሽንኩርቱ ላይ ያቀረቀረ ሰው ራሱን አያይም፤ የሚያየው እንግዳው ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ጉብኝቱ እንግዳዋን ምን እንዳደረጋት ተናገረ፦ ቀለል ብሎኛል። ብዙ ጊዜ «ደስ አለኝ» ብለን እናልፋለን፤ ቀድሞ ያልነበረና አሁን ያለ ነገር ከተገለጸ ግን አስተናጋጅ ቤቱ ምን እንደሠራ ያውቃል። አራተኛ፣ ወደፊት የሚያስኬድ ነገር ይዟል፤ የተገዛ መጽሐፍና የታወቀ ቀን። «እንገናኛለን» ከሚለው «ለፋሲካ ተራው የኔ ነው» የሚለው ይታመናል።

እንግዲህ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚቀመጥ ሰው አራት ነገር ራሱን ቢጠይቅ ይበቃዋል። ወዳጄን ምን አሳስቦት ነበር፣ እኔስ ያን ነገር እንዴት አየሁት? እሱ ስለ ራሱ የማያውቀው ምን አየሁ? በእኔ ላይ ምን ተለወጠ? ቀጥሎ ምን እናደርጋለን? ለእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ከተገኘ ደብዳቤው አልቋል።

መቼና በምን

መቼ ለሚለው መልሱ ቶሎ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው የትዝታ ጥናት፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በቃሉ እየያዘ ራሱን ሲፈትን፣ መርሳት ፈጣን የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ግን ዝግ እያለ እንደሚሄድ አገኘ። የወዳጅ ቤት ትርጉም እንደሌለው ክፍለ ቃል በቶሎ አይረሳም። ቢሆንም ቀድሞ የሚጠፋው ጥቃቅኑ ነው፤ ደብዳቤውን ደብዳቤ የሚያደርገውም ያ ጥቃቅን ነገር ነው። ከወር በኋላ «ደሴ ደስ ይል ነበር» ይቀራል፣ ሽንኩርቱና ንባቡ ይጠፋሉ። ስለዚህ በመንገድ ላይ ሳሉ፣ መኪና ውስጥም ቢሆን፣ ሦስት አራት ነገር በስልክ ማስታወሻ ላይ መጫር፣ ደብዳቤውንም ሳምንት ሳይሞላ መጻፍ ይሻላል። ከዘገየም ዘግይቷል ተብሎ አይተው። ስለ መዘግየቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ ገጹን በይቅርታ መሙላት ወዳጅን ለማጽናናት ሥራ መስጠት ነው።

በወረቀት ይሁን በቴሌግራም? ወረቀት መልካም ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዓመታት በኋላ ልጆች ያገኙታል። ዘመድ ወደዚያ ከተማ ሲሄድ በእጁ መላክ ዛሬም ይቻላል። ቴሌግራም ላይ የተጻፈውም ግን ደብዳቤ መሆን ይችላል፤ ከሌላው መልእክት ጋር እንዳይቀላቀል ብቻ አንድ ላይ አስቦ፣ በአንድ ጊዜ መላክ ያስፈልጋል። አሥራ አምስት ቁርጥራጭ መልእክት ተከታትሎ ሲገባ ሰው እንደ ወሬ ያየዋል። ማንበብ ለማይችሉ ወይም ዓይናቸው ለደከመ አዛውንት ድምፅ መቅዳት ከሁሉ ይበልጣል፤ ሲቀዳም «እማማ»፣ «ጋሼ» ብሎ ጠርቶ፣ «እርስዎ» ብሎ፣ ቀስ እያሉ፣ ምርቃታቸውን ተቀብለው እንዳመሰገኑ ሆኖ ነው። ተከፍቶ ተደጋግሞ እንደሚሰማ፣ ጎረቤትም እንደሚሰማው ማሰብ ይገባል።

የማይገቡ ነገሮች

ይህ ደብዳቤ ሌላ ጉዳይ አይሸከምም። ብድር፣ አማላጅነት፣ የሥራ ማፈላለግ በዚህ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ከተጻፈ፣ ከላይ የተባለው ሙቀት ሁሉ ለዚያ መንገድ ጠረጋ ይመስላል። ሌላ ቀን፣ በሌላ መልእክት ይጠየቅ።

ምክርም አይገባበትም። በሰው ቤት የሰነበተ ሰው ብዙ ያያል፤ የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ የልጅ አመል፣ የተደበቀ ሕመም። ያየነው ሁሉ ሊጻፍ አይገባም። ደብዳቤ በሌላ እጅ ሊገባ፣ ሊነበብም ይችላል፤ የቤት ገመና በጽሑፍ አይቀመጥም። የሚያሳስብ ነገር ካለ ፊት ለፊት ወይም በስልክ ይባላል።

ማወዳደርም ይቅር። «ከእገሌ ቤት ይልቅ» ማለት ሙገሳ ቢመስልም፣ ቤቶችን የሚመዝን እንግዳ መሆናችንን ይናገራል፤ የተመዘነ ቤት ባለቤት ደግሞ ነገም እመዘናለሁ ብሎ ይሰጋል። የተጋነነ ውዳሴም ከዚሁ ይቆጠራል። ያልተመቸንን ተመቸን ማለት አያስፈልግም፤ እውነት ሆኖ የተወደደ አንድ ነገር ሁልጊዜ አለ፣ እሱን መጻፍ ነው።

በሩ እንዳይዘጋ

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። ኑሮ በከበደ ቁጥር ሰው እንግዳ መጥራት ይፈራል። የማይወዱትን ሰው አለመጥራት አይገርምም፤ ግን የሚወዱትን ጓደኛ ነው የማይጠሩት። «ቤቱ ይስተካከል»፣ «ሶፋው ይቀየር»፣ «ደመወዝ ይግባ» እየተባለ ዓመት ይሄዳል። ከውጭ አገር ለሚመጣ ወዳጅ ሲሆን ፍርሃቱ ይብሳል። ከዋሽንግተን ወይም ከጅዳ ለዕረፍት የመጣው ሰው በልጅነቱ ያደገበትን ሰፈር፣ የበላበትን ትሪ ናፍቆ ይመጣል፤ አስተናጋጁ ግን የራሱን ግድግዳ በባዕድ ዓይን እያየ ይሸማቀቃል። እንግዳው ተመልሶ ገንዘብ ይልካል። ገንዘቡ ደግ ነው፣ ይጠቅማል። ብቻውን ሲደርስ ግን አስተናጋጁ የፈራውን የሚያረጋግጥ ይመስላል፤ ቤቴ ጎድሎ ታየው ማለት ነው። ከገንዘቡ ጋር ወይም ያለ ገንዘብ፣ «ያን ቀን ቤትህ ቁጭ ብዬ ይህን አገኘሁ» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ ሰውየው የሰጠ ሰው መሆኑን ያውቃል።

እንግዳ ለምን እንደመጣ በውል የሚያውቅ አስተናጋጅ በሚቀጥለው ጊዜ አይፈራም። ሶፋው ሳይቀየር ይጠራል፣ ሽሮ ሠርቶ ይጠራል፣ ውሃ በጠፋበት ሳምንትም ይጠራል፤ የመጡት ለእሱ መሆኑን በጽሑፍ አግኝቷልና። ወዳጅነት የሚቆየው በዚህ በተደጋገመ መጠራራት ነው። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ የጨረሰ አንባቢ ሌላ ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት፣ በቅርቡ በቤቱ ተቀብሎ እሱን ያስተናገደውን አንድ ሰው ያስብ፤ ያ ሰው ያላየውን አንድ ነገር ያስታውስ፤ ዛሬውኑ ይጻፍለት።